ኤዬ ማለት የተማረው መሣሪያ

የሺ እባላለሁ። ከሚሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። አፏ ክፉ ነው ይሉኛል። ክፉ አይደለም፤ ፈጣን ነው። መስኮቴ ፊት ሰባ ሰው ተሰልፎ፣ ግማሹ ካርዱን ጥሎ፣ ግማሹ የጎረቤቱን ይዞ መጥቶ፣ እስቲ እናንተው በለሰለሰ አፍ አስተናግዱ! ዛሬ ግን የማወራው ስለ ዘይና ነው። ስለ እሷ ሳወራ እንኳን አፌ ልቤም ይፈጥናልና ታገሱኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው የስንቱን ገመና ያያል፤ ገመና ደግሞ አይወራም። ስለዚህ የዘይናን አክስት ስም ቀይሬዋለሁ፤ ሕመማቸውንም አልነግራችሁም። ደግማችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ዘይና የጽዳት ሠራተኛ ናት። የቅጥር ወረቀቷ እንደዚያ ነው የሚለው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያለው። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትገባለች። ኮሪደሩን አጥባ ስትጨርስ መወልወያውን ከበሩ ጀርባ ታቆማለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ከዚያ ሁለተኛ ሥራዋን ትጀምራለች። ያኛው ሥራ የትም አልተጻፈም። አስተርጓሚ ናት። ከጨፋ፣ ከቦርከና ማዶ የሚመጡ እናቶች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አብራቸው ትገባለች። እነሱ በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ እሷ ሰምታ ለሐኪሙ በአማርኛ ታደርሳለች። አማርኛ የሚያውቁትም ቢሆኑ ያው ናቸው። ገበያ ላይ በአማርኛ ስትከራከረኝ የዋለች ሴት ሲያማት አማርኛዋ ድራሹ ይጠፋል።

የእኔን ኦሮምኛ ግን ተዉት። አባቴ ገብረሥላሴ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከሚሴ ገባ፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ አደግኩ፣ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ኦሮምኛዬ «አከም ቡልቴ» ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። «የሺ፣ አንቺ እኮ ‹እንዴት አደርሽ› ብቻ ነሽ፤ ሰው ‹ደህና› ሲልሽ ትሸሺያለሽ» እያለች ዘይና ታሾፍብኛለች። እውነት ስለሆነ ያናድደኛል።

ዘይና ስትሰማ ማየት ነበረባችሁ። በርጩማዋን ከታማሚዋ ወንበር ዝቅ አድርጋ ትቀመጣለች። ዓይን ዓይን አታይም። መጀመሪያ ስለ አዳራቸው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ሴትየዋ አንድ ቃል ስትጥል «ኤዬ» ትላለች። ሌላ ቃል ስትጨምር «ኤዬ»። «እሺ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥዪ» እንደ ማለት ነው። ይህንን ያስተማሯት ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። እናቷ በወሊድ ስትሞት የአባቷ እህት ናቸው አንስተው ያሳደጓት፤ እሷ «አዳዳ» ትላቸዋለች፣ አክስት ማለት ነው፤ እኛም አዳዳ ዙቤይዳ እንላቸዋለን። ሕፃን ሳለች ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ካፈጠጠች ጭኗን ቆንጠጥ ያደርጓት ነበር አሉ። «ኤዬ በይ እንጂ! ኤዬ ያልተባለ ነገር ወደ ሆድ ይመለሳል» ይሏት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግማሽ ወረዳውን ሴት ጉድ ሰምታ አንዲት ቃል ለሰው አልተነፈሰችም። እኔ ራሴ ስንቴ ልጎረጉራት ሞክሬያለሁ። «ሆድ ይፍጀው» ብላ መወልወያዋን ታነሳለች።

ክረምቱ እንደወጣ ደረጀ መጣ። ደረጀ ከአዲስ አበባ የተላከ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ያጠና፣ ቀጭን፣ ጫማው ነጭ። ከሚሴ ላይ ነጭ ጫማ! የያዘው ነገር የመማሪያ ደብተር ያክላል፣ ጥቁር ነው፣ ድምፅ ማጉያ አለው። አንዱ በኦሮምኛ ሲናገር በአማርኛ ይናገራል፣ ሐኪሟ በአማርኛ ስትመልስ በኦሮምኛ ይናገራል። «ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ሰው ከተጠቀመበት ይቀራል፤ ካልተጠቀመበት ይዤው እመለሳለሁ» አለን።

ደሜ ፈላ። «ዘይና እያለች ይሄ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ጮህኩ። ዘይና ግን ሳቀች። «ተዪው የሺ፤ እኔም እኮ ማርጀቴ ነው። ከለመደ ለመደ፣ ካልለመደ ይመለሳል።»

አልለመደም። ወይ ጉድ፣ ያ መሣሪያ ያላሳየን የለም! አረንጓዴውን ነክተሽ ተናገሪ፣ ልቀቂ፣ ጠብቂ ይላል። ሁለት ሰከንድ ዝም ካልሽ «ጨርሳለች» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ የሰማውን መስታወቱ ላይ ጽፎ «ትክክል ነው?» ይላል፤ ማንበብ ለማታውቅ ሴት! ድምፁ ደግሞ የወንድ ነው፣ የጎረምሳ። አንዲት እናት ድምፁን እንደሰማች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ «ይሄ ሰውዬ የት ነው የተቀመጠው?» ብላ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገችው። ሌላዋ ተነስታ ወጣች። ሐኪማችን ዕፀገነት የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ጤና መኮንን ናት፣ ሰዉ ግን ዶክተር ይላታል። እሷም ሰልችቷት «እባክሽ ዘይናን ጥሪልኝ» ትለኝ ጀመር። መሣሪያው ጠረጴዛው ጥግ አቧራ ጠጣ። እኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሁለት ወር አልፎ ሳምንት ሲጨመርበት፣ አንድ ሐሙስ፣ ዘይና ፈቃድ ወሰደች። የባሏ እህት ልጅ ኒካህ ነበረና ሰንበቴ ከተማ ሄደች። አራት ሰዓት ላይ አዳዳ ዙቤይዳ መስኮቴ ፊት ቆሙ። ብቻቸውን። እኚህ ሴት በየሦስት በየአራት ወሩ ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ከዘይና ጋር ነው የሚገቡት፣ ሁልጊዜ «ወገቤን» ይላሉ፣ ሁልጊዜ የሕመም ማስታገሻ ይዘው ይሄዳሉ። ዘጠኝ ዓመት።

«አዳዳ፣ ዘይና የለችም፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገሩ ነው የሚቸግራቸው። በአገጫቸው ወደ ሐኪሟ ክፍል ጠቆሙኝ፤ በእጃቸው ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር፣ ደብተር የሚያክል፣ አሳዩኝ። መሣሪያውን ነው። ካርዳቸውን አወጣሁላቸው።

ሻይ አፌ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ስጠራቸው እንኳ ዞር አላሉም፤ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው በሩን አልፈው ሄዱ።

«ምን ሆኑ?» ብዬ ዕፀገነት ጋ ገባሁ። እሷም ግራ ገብቷታል። «እኔንጃ የሺ። ‹ምን አመመዎት› አልኩ፣ መሣሪያው ተረጎመላቸው። እሳቸው ተናገሩ፣ መሣሪያው ‹ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ› አለ። መድኃኒት አልቆባቸው መስሎኝ ‹ታዲያ ለምን መጡ› አልኩ። ያንንም ተረጎመ። ሰሙና ተነስተው ሄዱ።»

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚህ አገር ሰው ምን ሆንክ ሲባል «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሞት አፋፍ ላይ ቢሆንም ይላል። አላህን ሳያመሰግን ሕመሙን የሚያስቀድም የለም። «ደህና» ይልና ዝም ይላል፤ እንደገና ስትጠይቂው «ደህና» ይልና ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ነው እውነቱ የሚመጣ። መሣሪያው ግን የመጀመሪያዋን «ደህና» ይዞ ሮጠ። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ከዚያ ያ የጎረምሳ ድምፅ «ለምን መጣሽ?» ሲላቸው፣ በስድሳ ዓመታቸው! እኔም ብሆን ተነስቼ እሄድ ነበር።

አርብ ጠዋት ለዘይና ነገርኳት። መወልወያ እየጨመቀች ነበር። መሣሪያውን እየሰደብኩ፣ ደረጀን እየሰደብኩ፣ እየሳቅኩም ነበር መሰለኝ። ስጨርስ አየኋት፤ እጇ ቆሟል።

«መቼ ነው የመጡት?»

«ትናንት አልኩሽ እኮ።»

«ትናንት እንደማልኖር ያውቃሉ። ሰንበቴ ነኝ ብዬ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ኒካሁ ላይም ተጠርተው ‹ወገቤን› ብለው ቀርተዋል።» እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። «የሺ፣ እኔን ሸሽተው ነው የመጡት።»

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። እሷ ግን አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር። አዳዳ ለቅሶ ቤት አይቆዩም። ሠርግ ላይ ከሁሉም ቀድመው ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ምሳ ሲበሉ ካየቻቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ቆመው ነው። የሴት ሕመም ነው፤ ወገብ አይደለም፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። «ዘጠኝ ዓመት ‹ወገቤን› ሲሉኝ እኔም ለሐኪሙ ‹ወገቧን› እላለሁ። በራሴ አፍ! ወላሂ በራሴ አፍ ነው ያስቀረኋቸው» አለችና ለቅሶዋ መጣ። ዘይና ስታለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። አንጀቴን በላችው።

«ታዲያ ሄደሽ ጠይቂያቸው!» አልኩ። አፌ ፈጣን ነው ብያችኋለሁ።

«አብደሻል? ጡት ያላጠቡኝ እናቴ ናቸው። ባሳደጉት ልጅ ፊት የማይወራ ነገር አለ። ብጠይቃቸው ያፍራሉ፤ ካፈሩ ደግሞ ጭራሽ ይቀራሉ።» እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው? ስንቷ ሴት ናት ገበያ የምታገኘኝን፣ ሠርግ የምታገኘኝን እኔን አይታ ሕመሟን የዋጠችው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያስደበቅኳቸው ግን እኔ ነኝ።»

መወልወያውን እዚያው ጥላ ደረጀን ፍለጋ ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መወልወያ ጥላ ሄዳ አታውቅም።

ደረጀ ያረፈው አስፋልቱ ዳር ካለ ሆቴል ነበር፤ ይዛው መጣች። ከሙከራው የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። «ልጄ፣ መሣሪያህ አፍ አለው፤ ጆሮ የለውም» አለችው።

«እትዬ ዘይና፣ እኔም የመሣሪያውን መዝገብ አይቼዋለሁ። ‹ደህና ነኝ› አሉ፣ ‹ደህና ነኝ› ብሎ ተረጎመ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

«ስህተቱ አንተ ላይ ነው!» አልኩ ከመስኮቴ ውስጥ።

«ተዪ የሺ። ና ልጄ፣ ቁጭ በል። እኔ መሣሪያህን እሆናለሁ። ያመመህን ንገረኝ።»

ልጁ ሳቀ። ቁጭ አለ። «ጨጓራዬን ያመኛል» አለ። ዘይና ፊቷን እንደ ግድግዳ አድርጋ አየችው። ራሷን አልነቀነቀችም፣ አላጉረመረመችም። «በተለይ... ምሳ ስዘል... ማለቴ...» ቆመ። አንገቱን አከከ። «እትዬ ዘይና፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እየሰማሁህ ነው። መሣሪያህም እየሰማ ነው።»

ከዚያ በርጩማዋን ዝቅ አደረገች። እንዴት አደርክ አለችው፣ እናትህ እንዴት ናቸው አለችው፣ የአዲስ አበባን ብርድ ጠየቀችው። «ደህና» አለ። ጠበቀች። «ደህና ነኝ፤ ጨጓራዬ ብቻ ነው» አለ። «ኤዬ» አለች። አንድ ነገር ጨመረ። «ኤዬ።» ከጨጓራ ተነስቶ የት ቢደርስ ጥሩ ነው? አባቱ አምና መሞቱን፣ ቀብሩ ላይ አለመድረሱን፣ ከዚያ ወዲህ እህል እንደማይወርድለት። ሃያ ደቂቃ አወራ። እኔ መስኮቴን ዘግቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ የማይሰማ ነገር ነው። ሲጨርስ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና «ገባኝ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጭ ጫማውን ይቅር ብዬዋለሁ።

ሥራው ያን ለት ተጀመረ። ደረጀ የመጀመሪያ ሐሳቡ የዘይናን ድምፅ መቅዳት ነበር። «ምን ቆርጦኝ!» አለችው። «ድምፄን ከሰሙ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብያለሁ ማለት ነው። እዚህ ማንም የማያውቃት ሴት ትሁን፤ የሴት ድምፅ፣ የትልቅ ሴት።» አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍረው ባቲ ድረስ ሄዱ። ሱዓድ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ አገኙ፤ ረጋ ያለች፣ የእኛኑ አገር ኦሮምኛ የምትናገር፣ ከሚሴን ግን በመኪና መስኮት ብቻ የምታውቅ። እሷ ቀዳችላቸው።

ድምፁ የሱዓድ ነው፤ ጊዜው ግን የዘይና ነው። ደረጀ ሰዓት ይዞ ይቀመጥ ነበር። ታማሚ ጋ አይገባም፤ ዘበኛችን ጀሚል የጠፋበትን በሬ ታሪክ ለዘይና እንዲያወራ እያደረገ ነው የለካው። ጀሚል ያንን በሬ አሥራ አንድ ጊዜ አወራው፤ በስድስተኛው ላይ በሬው ሁለት ሆነ፣ በዘጠነኛው ላይ ጅብ ገባበት። ዘይና መቼ ኤዬ እንደምትል፣ ስንት እንደምትጠብቅ፣ መቼ ጭራሽ እንደማትል ልጁ ይጽፋል። «ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ኤዬ አይባልም» ትለዋለች። «ዝም በል። ሰው እንባውን ይዋጥ።» አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች የምትናገርም አለች፤ እሷንም አታቋርጣት አለችው፣ እኛ አገር ወሬ ሁለት እግር አለው። ያ የመስታወት ላይ ጽሑፍም፣ የንግግር መዝገቡም ቀረ። አሁን መሣሪያው የሰማውን መጀመሪያ ለሴትየዋ በራሷ ቋንቋ ቀስ ብሎ ይደግምላትና «እንዲህ ብዬ ልንገርልሽ?» ይላታል። እሷ ካልፈቀደች ለሐኪሟ አይናገርም። ዘይናም ድሮ እንደዚያው ነበር የምታደርገው፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላለች።

አንድ ቀን የደረጀ አለቃ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩ ጮክ ተደርጎ ሁላችንም ሰማን። መሣሪያው አዳራቸውን፣ ልጆቹን የሚጠይቅበት ሰላምታ ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ተጠቃሚ ይሰለቻል፣ ይቆረጥ አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ዘይና ቀደመችኝ። «ጌታዬ፣ ዘጠኝ ዓመት የደበቀችውን ልትነግርህ የመጣች ሴት አራት ደቂቃ አይሰለቻትም።» ደረጀም «ይቆያል» ብሎ ስልኩን ዘጋው። የጽዳት ሠራተኛ እኮ ናት ይህንን የተናገረችው! እንዲያ ኮርቼ አላውቅም፤ መስኮቴ ፊት ለተሰለፈው ሁሉ ስነግር ዋልኩ።

የታረመው መሣሪያ በመጨረሻው ሳምንት አርብ ተጠናቀቀ። ደረጀ የሚመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነው፣ መሣሪያውን ይዞ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው ከላይ ነው፤ በወርም ይሁን በዓመት ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። ሰኞ ሰባት ሴቶች ተጠቀሙበት፤ አንዷም ተነስታ አልሄደችም። ዘይና ግን የምትጠብቀው አንዲት ሴት ነበረች።

እሁድ ጨፋ ሄዳ ነበር። አዳዳ ዙቤይዳን ስለ ሕመማቸው አንድም ነገር አልጠየቀቻቸው። ከብቱን፣ ማሽላውን ሲያወሩ ቆይተው ስትነሳ፣ እግረ መንገዷን እንደሆነ ሁሉ፣ «አዳዳ፣ ማክሰኞ ባቲ እሄዳለሁ፣ ሥራ አልገባም» አለቻቸው። በሩ ላይ ቆማ ደግሞ «ያ መሣሪያ አሁን ሴት ሆነ አሉ። የነገሩትን ከሐኪሟ በቀር ሰው አይሰማውም፤ እኔም አልሰማው» ብላ ወጣች። ባቲ አልሄደችም። ማክሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍሌ ገብታ ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። የእኔ ልብ ያን ለት የመታውን አመታት እንኳን ለጠላቴ አልመኝም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አልመጡም። አራት ሰዓት ሆነ። አልመጡም። አምስት ሰዓት ላይ ዘይና ከመደርደሪያው ጀርባ «ቀሩ» አለችኝ በሹክሹክታ። ቀና ስል አዳዳ ዙቤይዳ ግቢው መሃል ቆመዋል። አልገቡም፤ በሩን እያዩ ቆመዋል። ልውጣና እጃቸውን ልያዝ አልኩ። እንደ ምንም አፌንም እግሬንም ያዝኩ። ከዚያ ቀስ እያሉ መጡ።

«ዘይና?» አሉኝ።

«የለችም አዳዳ፤ ባቲ ሄዳለች።» ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ውሸት ዋሽቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገቡ። ዕፀገነት መሣሪያውን ከፍታ ፊታቸው አስቀመጠችና፣ ዘይና እንደመከረቻት፣ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። በሩ ተዘጋ።

አምስት ደቂቃ። አሥር። እኔ ሰዓቴን ነው የማየው። ባለፈው ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር። ሃያ። የሰው ካርድ አሳስቼ ሰጠሁ፣ ተሰደብኩ፣ ዝም አልኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ትንሽ ድምፅ ሰማሁና ዞር ስል ዘይና ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ኤዬ» ትላለች። ትጠብቃለች። «ኤዬ።» ከዚያ ክፍል አንድ ቃል እንኳ አይሰማም እኮ! እሷ ግን እዚያች ካርቶን ላይ ሆና ትሰማቸው ነበር።

በአርባ ሁለት ደቂቃ በሩ ተከፈተ። አዳዳ በእጃቸው ለደሴ ሆስፒታል የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ይዘዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፣ አንገታቸው ግን ቀጥ ብሏል። መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን አሳዩኝና በዚያች በምታስቸግራቸው አማርኛ «ወገቤን ነው» አሉኝ።

«አላህ ያሽርዎት አዳዳ» አልኩ።

ግቢውን ለቀው እስኪወጡ ዘይና አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፣ መወልወያዋን አነሳች፣ ኮሪደሩን ካንድ ጫፍ እስካንድ ጫፍ ወለወለችው። ጠዋት የወለወለችውን ኮሪደር! ምን እንደተባለ አልጠየቀችም። እስከ ዛሬም አልጠየቀችም። ካርዱ እጄ ላይ ነበር፤ «ልይ» ብትለኝ አልከለክላትም ነበር። ዓይኗን እንኳ አልጣለችበትም።

ረቡዕ ደረጀ መሣሪያውን ይዞ ሄደ፤ በወሩ አራት አድርጎ ይዞ መጣ። አሁን ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም አላቸው፤ ሠራተኞቹን እንዴት ከመሣሪያው ጋር እንደሚሠሩ የምታሳያቸው ዘይና ናት። ወረቀቷ ላይ ግን ዛሬም «ጽዳት» ነው የሚለው። ለዚህ የማመልከቻ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛዬ ነው፣ አራተኛውንም እጽፋለሁ። አስተርጉሚልኝ የምትላት ሴት ቀንሳለች። አንድ ቀን «አይከፋሽም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሴቶቹ እኮ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ዓይኔን ማየት ጀመሩ» አለችኝ።

አዳዳ ዙቤይዳ ደሴ ሄዱ፣ ታከሙ፣ ተመለሱ። በሁለተኛው ወር ጨፋ ቤታቸው የምስጋና ሰደቃ አወጡ። ዘይና ይዛኝ ሄደች፤ እስከ አስፋልቱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ በተጨደው ማሽላ መሃል በእግር። ቤቱ በሴት ሞልቷል። አዳዳ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለዋል። ቁጭ! ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በፊት እንደተቀመጡ፣ ምሳው ተበልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ እኔ እግሬ ደንዝዞ ስገላበጥ እሳቸው አልተነሱም። ዘይና ምግቧን ረስታ እሳቸውን ነው የምታየው።

በኋላ አዳዳ እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ከ«አከም ቡልቴ» ውጪ ምን አውቄ! የዘይናን ጎን ነካ አደረግኩ። «ምን አሉ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስንቱን ቃል ሳትሰናከል ያደረሰች ሴት፣ ያን ለት ድምፅ አጣች። ጠበቅኳት። እኔ የሺ፣ አፈ ፈጣኗ፣ ጠበቅኳት። «ኤዬ» አልኳት።

«‹ወገቤን የነገርኳት፣ እዚያ መሣሪያ ውስጥ ያለችው ሴት መስማት ታውቃለች› አሉ» አለችኝ። «‹የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም። ያሳደጋት ሰው ግን ይባረክ› አሉ።»

ሴቶቹ «አሚን» አሉ። ዘይናም ያሳደጓትን ሴት እያየች፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ፣ «አሚን» አለች።